መራራው ጨውና ጨረቃ የምንላት ዓሣ

ከመስታወቱ ገንዳ ፊት ለፊት ሥራ አስኪያጁ ጓድ ተፈራ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። በስተቀኛቸው የጥበቃውን ጉዳይ የሚከታተለው ጓድ ለማ ነው፤ በእጁ አንድ ባዶ ቆርቆሮ ይዟል። በስተግራ፣ ከመመገቢያ አዳራሹ በር ላይ፣ የወጥ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ዘነበች ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ቆመዋል። ሁለቱ ዘበኞች በዋናው በር ግራና ቀኝ ናቸው። ጋሽ ዑስማን ሁልጊዜ በሚቀመጡባት ዝቅተኛ ዱካ ላይ፣ ከገንዳው ጠርዝ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበሩ፤ ከሁላችን የተቀመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ ከፓምፕ ክፍሉ በር ላይ ቆሜያለሁ። ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ፤ ኪሴ ውስጥ የሾርባ ማንኪያ አለ። በገንዳው ውስጥ ጨረቃ የምንላት ዓሣ ጎኗን ወደ ድንጋዩ አስጠግታ ቆማለች። ሁለቱም ዓይኖቿ አብጠው ወጥተዋል።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። የማወራው ስለዚያች ጠዋት ነው፤ ግን እዚያ እስክደርስ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እንድጽፍ ያደረገኝ ጎረቤቴ ነው። አሁን የምኖረው ሣሊተ ምሕረት አካባቢ ነው። አጥር የሚያዋስነኝ ሰው ኢምፔሪያል አጠገብ ሱቅ አለው፤ ለቢሮና ለሆቴል የዓሣ ገንዳ ይሠራል። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ሆኖ፣ «እትዬ አስካለ፣ ድሮ መድኃኒት ላይ ነበር የሠሩት አሉ። ኤፕሰም ጨው ላበጠ የባሕር ዓሣ ይረዳል ይሉኛል፤ እውነት ነው?» አለኝ። ይረዳል ልለው አፌን ከፈትኩ። አይረዳም ማለትም እችል ነበር። «ጊዜ ስጠኝና እጽፍልሃለሁ» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ የቁስል ማሸግና የመድኃኒት ማደል ኮርስ ወሰድኩ። የመጀመሪያ ምድቤ ጎሮ አጠገብ የነበረች ሁለት ክፍል ጤና ጣቢያ ናት። ያኔ ጎሮ እርሻ ነው፤ በክረምት ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር የምገባው። አለቃዬ ሽማግሌ ድሬሰር ነበሩ። መድኃኒት ስሰጥ ስሙን አንዴ ከቆርቆሮው ላይ፣ አንዴ ከወረቀቱ ላይ ጮክ ብዬ እንዳነብ አስለመዱኝ። ከሳቸው ያገኘሁት ይኸው ነው፤ ብዙ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቦሌ ወዳለ የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ተዛወርኩ። ደመወዜ አልተነካም። የዝውውሩ ደብዳቤ ግን አራት ማኅተም ነበረበት።

ማረፊያው ቀድሞ የአንድ ሀብታም መኖሪያ የነበረ፣ በአዋጁ የተወረሰ ቪላ ነው። ሰውየው ባሕር ወዳድ ኖሯል፤ በሳሎኑ ግድግዳ ልክ የመስታወት ገንዳ አሠርቶ ከምጽዋ በአውሮፕላን የመጡ የቀይ ባሕር ዓሦች አኑሮበታል። ገንዳውን የሚጠብቁት ጋሽ ዑስማን ነበሩ። ምጽዋ ተወልደው፣ ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር ጨው ማምረቻ ሠርተው፣ በኋላ ጠላቂ ዋናተኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ቤቱ ሲወረስ የሆነውን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል ይናገሩ ነበር፦

«ቆጣሪዎቹ መጡ። ወንበር ሠላሳ፣ ገንዳ አንድ፣ ዓሣ አሥራ አራት፣ ዑስማን አንድ ብለው ጻፉ። ፈረምኩ።»

ገንዳው በየትኛው ክፍል ሥር እንደሚሆን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሮ፣ እኔ በመጣሁ በወሩ፣ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ወደ ክሊኒኩ ይሁን ተባለ። ክሊኒኩ ማለት እኔና አንድ ቁም ሣጥን ነን። ስለዚህ ጋሽ ዑስማን በወረቀት የእኔ ረዳት ሆኑ። በእውነቱ ግን ተማሪያቸው እኔ ነበርኩ።

ባሕር አይቼ አላውቅም። ዛሬም አላየሁም። መጀመሪያ ቀን ከገንዳው ፊት ስቆም የተሰማኝን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ድምፄን እንደምቀንሰው፣ ሳላስበው ድምፄን ቀነስኩ። ብርሃኑ ከላይ ይወርድና በውሃው ውስጥ ይሰበራል፤ በስባሪው መካከል ቢጫ፣ ብርቱካንማና ጥቁር መስመር ያላቸው ፍጥረታት ያልፋሉ። ከሁሉም ትልቋ ሰሃን የምታህል፣ መልኳ የምሽት ሰማይ የመሰለ ዓሣ ናት። በጎኗ ላይ ቢጫ ማጭድ የመሰለ ምልክት አለባት። ጨረቃ ያሏት በዚያ ነው። ወደ መስታወቱ መጥታ ዓይኗን አዙራ አየችኝ። የሚያይ ነገር ሲያይህ ታውቀዋለህ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

ጋሽ ዑስማን፣ «አዲስ ሰው ስለሆንሽ ነው። ነገ አታይሽም» አሉኝ።

«ሰው ትለያለች?»

«እኔን ትለያለች። ሥራ አስኪያጁን ገና አልለየችም፤ ሦስተኛው ናቸው።»

የጋሽ ዑስማን ልማድ ይኸ ነበር። ጠዋት ሲገቡ እጃቸውን ያለ ሳሙና ደጋግመው ይታጠባሉ። ቅቤ ወይም ሽቶ የነካ ሰው እጁን ከገንዳው አያስገባም። ከዚያ ዱካዋ ላይ ተቀምጠው ሩብ ሰዓት ምንም ሳይሠሩ ያያሉ። «መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ ዓሣውን፣ በመጨረሻ እጅሽን» ይሉኝ ነበር። ሰዓታቸውን አውልቀው የጨረቃን ስንጥብ፣ ማለትም ከጉንጯ በታች የሚከፈተውንና የሚዘጋውን መተንፈሻዋን፣ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራሉ፤ ስትታመም ቁጥሩ ይጨምራል። በዚያ ደቂቃ ውስጥ ሚኒስትር ቢጠራቸውም አይመልሱም፤ መዳፋቸውን ብቻ ያነሣሉ።

አዲስ የባሕር ውሃ የሚመጣው ከአሰብ በሚመለሱ ሹፌሮች መኪና ላይ በጀሪካን ነው። ጋሽ ዑስማን እያንዳንዱን ጀሪካን ከፍተው ያሸታሉ። ናፍጣ የሸተተውን፣ ሹፌሩ ምንም ቢምል፣ ደጅ ላይ ይደፉታል። ከዚያ በጣታቸው ቀምሰው ይተፋሉ። በጾም ወር ግን አይቀምሱም። ለዚያ የሚሆን መለኪያ በእጃቸው ሠርተው ነበር፦ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ውስጥ ጥቂት የእርሳስ ፍሬ አድርገው፣ በጎማ ክዳኑ ላይ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ሰክተው፣ ጫፉን በሰም ደፍነዋል። ውሃው ላይ ስትቀመጥ ብልቃጧ ትሰምጣለች፤ ቱቦዋ እንደ ችቦ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ውሃው ልኩ ከሆነ በቱቦዋ ላይ የታሰረው ቀይ ክር ከውሃው ፊት ጋር ይስተካከላል። ጨው ከበዛ ክሩ ከፍ ይላል፤ ካነሰ ይሰምጣል። እንዲህ ያለ ነገር ከባዶ ብልቃጥ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከምጽዋ የመጣች አንዲት ትንሽ ቢጫ ዓሣ በአንድ ዓይኗ አብጣ ደረሰች። ዓይኗ ሊወድቅ የደረሰ ይመስል ነበር። ጋሽ ዑስማን ክሊኒኩ ድረስ መጥተው፣ «ያ ሆዱ ለደረቀበት ሰው፣ እንዲያስቀምጠው የምትሰጪው መራራ ጨው አለሽ?» አሉኝ።

ኤፕሰም ጨው ማለታቸው ነው። ቆርቆሮውን ይዤ ተከተልኳቸው። ዓሣዋን በመረብ ሳይሆን በትንሽ ማሰሮ ከነውሃዋ ቀዱና ለብቻዋ ወደተዘጋጀ ሳፋ አዛወሯት። አንድ ጀሪካን የባሕር ውሃ፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ በቢላ ጀርባ የተስተካከለ ጨው። ጨውን በጠርሙስ አሟምተው ጠብ ጠብ እያደረጉ ጨመሩት። የአየር ቱቦ አስገቡ። ሳፋውን በጨርቅ ሸፈኑ።

«ጋሽ ዑስማን፣ ባሕሩ ራሱ ጨው አይደለም እንዴ? በጨው ላይ ጨው ምን ያደርጋል?» አልኳቸው።

ጥያቄውን ወደዱት። «ጨው ማምረቻ ሳለን» አሉ፣ «ባሕሩን በሜዳ ላይ ታስተኚዋለሽ፤ ፀሐይ ይጠጣዋል። የሚበላው ጨው መጀመሪያ ይወርዳል። ከላዩ የሚቀር ውሃ አለ፤ ብትቀምሺው ምላስሽን ይቆርጠዋል። አባቴ ያንን ወደ ባሕር ይመልሰው ነበር። ያ መራራ ውሃ ውስጥ ያለው ይኸው ያንቺ ቆርቆሮ ነው።»

ለስንት ሕመምተኛ በወረቀት ጠቅልዬ የሰጠሁት ዱቄት በባሕሩ ሁሉ ውስጥ ተዘርግቶ ይኖራል ማለት ነው። ቆርቆሮውን አየሁት። ማኅተሙ ላይ የፋብሪካ ስም ብቻ ነበር።

«ስለዚህ ዓሣዋ ዕድሜዋን ሙሉ እየዋኘችበት ነው» አልኩ።

«አዎ። ለዚህ ነው ብዙ የማልጠብቀው። ትንሽ ሲጨመር ካበጠው ላይ ውሃ ይስብ ይሆናል። በሽታ ግን አይገድልም። አንድ ዓይን ብቻ ካበጠ ተጋጭታ ነው፤ ይህ ይረዳታል። ሁለቱም ካበጡ ግን ዓይኑን ተዪው፤ ውሃውን ጠይቂ።»

በስድስተኛው ቀን ዓይኗ ወደ ቦታው ተመለሰ። እትዬ ዘነበች ይህን ሁሉ ቀን ሲያልፉ ሲያገድሙ፣ «እኔ ጋ ላኩልኝ እንጂ! በሎሚና በቃሪያ በአንድ ሰዓት አድናታለሁ» ይሉ ነበር። ዓሣዋ ድና ወደ ገንዳው ስትመለስ ግን ሥራቸውን ትተው መጥተው ቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ሲስተር ይሉኝ ጀመር፤ ግማሹ ፌዝ ነው።

አሁን ስሕተቴን ልጻፍ።

በአራተኛው ዓመት የባሕር ውሃ የሚያመጡት ሹፌሮች ተጓተቱ፤ የመጣውም ሁለቴ ናፍጣ ሸተተ። ጋሽ ዑስማን ራሳቸው አሰብ ሄደው ቀድተው እንዲመጡ ተፈቀደላቸው። ሲሄዱ የቀረውን ዐሥራ ሁለት ጀሪካን አሳዩኝ። በመስታወቱ ላይ በጥፍር ቀለም የተሰመረች ቀይ መስመር አለች፤ ውሃው በየቀኑ በትነት ከሷ ዝቅ ይላል። «በየጠዋቱ እስከዚህ ሙዪ። ሌላ ምንም አትንኪ» አሉኝ። በምን እንደምሞላ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም። እሳቸው የሚሞሉት እኔ ከመግባቴ በፊት ስለነበር አንድም ቀን አላየሁም።

በፓምፕ ክፍሉ ጥግ አንድ ትልቅ ጋን ነበር፤ ሁልጊዜ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ተሞልቶ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የሚያድር። ጋሽ ዑስማን የሚሰግዱት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ምንጣፋቸው ከጋኑ አጠገብ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ጋኑ ከስግደት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ውሃቸው ነው ብዬ አምን ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ክፍል ስገባና ስወጣ ቀሚሴ እንኳ እንዳይነካው ዞሬ ነበር የማልፈው። ማንም እንዲነካው አልፈቅድም። እኛ ቤት የጸበል ዕቃ እንዲህ ነው የሚያዘው፤ የሳቸውም እንዲያው ነው ብዬ።

ስለዚህ ገንዳውን ከጀሪካኑ ሞላሁ። ከዚያ ርቆ ከመጣው፣ ስንት ሰው ከደከመበት ከባሕሩ ውሃ። በቧንቧ ውሃ ማቅጠኑ እንደ ድፍረት ሆኖ ነው የታየኝ። በየጠዋቱ ግማሽ ጀሪካን፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ፣ አንዲት ጠብታ ሳላፈስ።

ዛሬ አንድ ሰው ለመረዳት ደቂቃ አይፈጅበትም፦ የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨው አይተንም። በጨው ላይ ጨው እየጨመርኩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የገንዳው ጠርዝ ነጭ ቅርፊት አወጣ። በጥንቃቄ ጠረግሁት። ጨረቃ መብላት ተወች። ሁለቱም ዓይኖቿ አበጡ፤ ሆዷም እንደተነፋ ሆነ። እንግዶች በዚያ ሳምንት ዓርብ ይገባሉ ተብሎ ስለነበር ጓድ ተፈራ በቀን ሦስቴ እየመጡ፣ «ሲስተር፣ ምን አሰብሽ?» ይሉኛል።

ሁለቱም ካበጡ ውሃውን ጠይቂ ያሉኝን ረሳሁት ማለት አልችልም። አስታውሼዋለሁ። ውሃው ግን ከባሕሩ የመጣ ነው፤ ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ አልኩ። ሆዱ ያበጠ ሰው ሲመጣ የማደርገውን አሰብኩ። ጨረቃን ለብቻ ማውጣት ፈራሁ፤ ሳፋው አይበቃትም። ገንዳው ሰባ አምስት ጀሪካን እንደሚይዝ አውቃለሁ። እሑድ ዕለት ሰባ አምስት ማንኪያ አስተካክዬ ቆጠርኩና የክሊኒኩን ቆርቆሮ በሙሉ ገንዳው ውስጥ አደረግሁ። የቆርቆሮውን ስም አንዴ ከላዩ፣ አንዴ ከመዝገቡ ጮክ ብዬ አንብቤያለሁ። በስሙ ላይ አልተሳሳትኩም።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ዓሦች ሞተው ተንሳፍፈው አገኘሁ። ከሦስቱ አንዷ በሳፋ ያዳንናት ቢጫዋ ነበረች።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ጋሽ ዑስማን ደረሱ። ጾሙ ከገባ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ልብሳቸው አቧራ ነው። ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ሩብ ሰዓት አዩ። ከዚያ ብልቃጧን ከመሳቢያ አውጥተው ውሃው ላይ አኖሯት። ቀይዋ ክር ከውሃው በላይ የትንሿን ጣቴን ስፋት ያህል ቆመች። ብዙ ጊዜ አዩዋት። ወደ ፓምፕ ክፍሉ ገብተው የጋኑን ጨርቅ ገለጡ።

«ጋኑ ለምን ሙሉ ነው?» አሉኝ።

«የውዱእ ውሃዎ መስሎኝ አልነካሁትም።»

ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። «ለውዱእ ቧንቧ አለ፣ ልጄ» አሉ። «ይህ ለገንዳው ነው። የቧንቧው መድኃኒት ሽታ እስኪወጣለት አሳድረዋለሁ።» ከዚያ ደግሞ፣ «አልነገርኩሽም» አሉ። ይህን ሁለቴ አሉት።

በእንስራ እየቀዳን፣ በቀጭን ጎማ ጠብ ጠብ እያደረግን፣ የገንዳውን ውሃ በጥቂቱ እያወጣን በጋኑ ውሃ እንተካ ጀመር። በአንድ ጊዜ መተካት ይገድላል፤ ቀን ይፈልጋል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጎማውን ይዤ ቆሜ ሳለሁ የነገሩኝን ዛሬም ይዤዋለሁ።

«የወንዝ ዓሣ አካሉ ከውሃው ይልቅ ጨው አለው፤ ውሃ ሳይጠራው ይገባበታል። ሲታመም የሚያብጠው ለዚህ ነው። የባሕሩ ዓሣ ተቃራኒ ነው። ባሕሩ ከአካሉ ውስጥ ውሃውን ይስበዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ይጠጣል። ባሕሩን እየጠጣ ጨውን በስንጥቡ ይተፋል። ሥራው ይህ ነው፤ አያርፍም።»

«ጠምቷት ነው ማለት ነው?»

«እስክትሞት ድረስ ጠምቷት ነበር። ጨውሽ ብቻውን አይገድልም ነበር። በጠማት ላይ ነው የጨመርሽው።»

ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ከውሃ ወጥቶ የማያውቅ ፍጥረት ይጠማዋል። መድኃኒት ባደልኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከዚህ የሚከብድ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ጨረቃ በመስታወቱ በኩል አፏን እየከፈተች እየዘጋች ነበር። ስታደርግ ሳያት የኖርኩት ያንን ነበር፤ ምን እንደምትሠራ ግን ያወቅኩት በዚያ ቀን ነው።

እንግዲህ ጎረቤቴ የጠየቀኝ መልስ ይኸው ነው። ለብቻዋ የተለየች፣ አንድ ዓይኗ ተጋጭቶ ያበጠ የባሕር ዓሣ ከሆነች፣ ተለክቶ ቢሰጣት ሊረዳት ይችላል፤ አይቻለሁ። ሁለት ዓይን፣ ሆድ፣ ብዙ ዓሣ ከሆነ ቆርቆሮውን አስቀምጠህ ውሃህን ለካ።

ጓድ ለማ ባዶውን ቆርቆሮ ያገኘው በዚያው ዕለት ነው፤ ከፓምፕ ክፍሉ፣ ከጋሽ ዑስማን ቁም ሣጥን ሥር። እዚያ የጣልኩት እኔ ነኝ። ረቡዕ ጠዋት ሁላችንም ገንዳው ዙሪያ ተጠራን፤ መጀመሪያ ላይ እንደጻፍኩት ቆምን።

«ነጭ ዱቄት» አለ ጓድ ለማ፣ ቆርቆሮውን ለጓድ ተፈራ እያሳየ። «ሦስት ዓሣ ሞተ። እንግዶች ከነገ ወዲያ ይገባሉ። ዑስማን ሃያ ሦስት ቀን አልነበረም። እሱ በሌለበት እንዲሆን አመቻችቶ ነው የሄደው። ይህ አሻጥር ነው።»

ቃሉ ያኔ ምን ማለት እንደነበር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም። በዚያ ቃል የወጣ ሰው ሲመለስ ያየሁት ጥቂት ነው። የምጽዋ ሰው ለሆነማ ይብሳል።

«ሦስት ዓሣ ለመግደል አሰብ ድረስ ምን አስኬደው?» አሉ እትዬ ዘነበች ከበሩ። «እኔን ቢላ ቢጠይቀኝ አልሰጠውም ነበር?»

አንደኛው ዘበኛ ሊስቅ ሲል ጓድ ለማ ዞሮ አየው።

«ጓድ ዑስማን፣ ምንድነው ይህ?» አሉ ጓድ ተፈራ።

«መድኃኒት ነው።»

«ማን ጨመረው?»

ጋሽ ዑስማን ገንዳውን እንጂ ማንንም አላዩም። «ገንዳው የእኔ ነው። የሞተውም የእኔ ነው» አሉ።

«መድኃኒት ከሆነ ጠጣዋ» አለ ጓድ ለማ። ከቆርቆሮው ጥግ የቀረውን በብርጭቆ ውሃ በጥብጦ አቀረበላቸው።

«ጾመኛ ነኝ።»

«ዛሬ ምቹ ጾም ሆነልህ።»

ብርጭቆው በመካከል ቆመ። ጓድ ተፈራ ጋሽ ዑስማንን ሲያዩ ፊታቸው በጥርጣሬ ተለወጠ። ከፓምፕ ክፍሉ በር እስከዚያ ስድስት እርምጃ ነው። ሄጄ ብርጭቆውን ከጓድ ለማ እጅ ወሰድኩና ጠጣሁት። መራራ ነው። እስከ መጨረሻው ጠጣሁ።

«ውይ ሲስተር!» አሉ እትዬ ዘነበች። «ቤትሽ እኮ ገርጂ ነው፤ መንገዱን አስቢው እንጂ!»

ያን ጊዜ ጓድ ተፈራም ፈገግ ሊሉ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

«ኤፕሰም ጨው ይባላል። ያመጣሁት ከክሊኒኩ ነው፤ መዝገቡ ላይ ፊርማዬ አለ። ገንዳው ውስጥ የጨመርኩትም እኔ ነኝ» አልኩ።

«አስካለ፣ ተዪ» አሉ ጋሽ ዑስማን።

«ይቅርታ ጋሽ ዑስማን፣ ልጨርስ። የገደላቸውም ይህ ጨው ብቻ አይደለም።»

ብልቃጧን አመጣሁ። ከአሰብ በመጣው አዲስ ጀሪካን ላይ አኖርኳት፤ ክሩ ከውሃው ፊት ጋር ተስተካከለ። «ባሕሩ ይህ ነው» አልኩ። ወደ ገንዳው ወሰድኳት፤ ክሩ ከፍ ብሎ ቆመ። ከትናንት ይልቅ ዝቅ ብሏል፤ ግን ለማንም ይታያል። «ይህ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ሃያ ሦስት ቀን በባሕር ውሃ ሞላሁት። መሞላት የነበረበት በዚያ ጋን ውሃ ነው።»

«ጋኑ እያለ ለምን?» አሉ ጓድ ተፈራ።

«የውዱእ ውሃቸው መስሎኝ።»

የሳቀ የለም። ከሁለቱ ዘበኞች ወሎዬው ብቻ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ፤ ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁት። ቀጥሎ ግን ቆሞ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

ጓድ ለማ አንድ ነገር ሊናገር ሲል ጓድ ተፈራ እጃቸውን አነሡ። ብልቃጧን ከገንዳው ላይ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩዋት። ወደ ጀሪካኑ ሄደው ያንንም አዩ፤ በጣታቸውም ቀመሱት።

«አሻጥር አይደለም» አሉ ሲመለሱ። «አለማወቅ ነው። አለማወቅም ይጻፋል። ሲስተር፣ የክሊኒኩን ቁልፍ አስረክቢ፤ ወደ መጋዘን ትዛወሪያለሽ። ጓድ ዑስማን ከገንዳው አይነሣም።»

ቀሪውን ዘመኔን እስከ ጡረታ የሠራሁት በዚያ መጋዘን ነው። ከዚያ ጠዋት የምጽፈው ጥቂት ቀርቶኛል።

«ዓሣዋ ለዓርብ ትደርሳለች?» ሲሉ ጓድ ተፈራ ጋሽ ዑስማንን ጠየቁ።

ጋሽ ዑስማን መዳፋቸውን አነሡ። ሰዓታቸው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጓድ ተፈራ ጠበቁ። ጓድ ለማ ቆርቆሮውን እንደያዘ ቆመ። እትዬ ዘነበች ከበሩ ርቀው ወደ መስታወቱ መጡ። ጨረቃ ከድንጋዩ ላይ ጎኗን አላቃ፣ ጎማው ጠብ ጠብ በሚልበት በኩል ቆማ፣ አፏን ከፍታ ትጠጣ ነበር። ስንጥቧ ሲከፈት ውስጡ ቀይ ነው። ሰባት ሰው አንዲት ዓሣ ስትተነፍስ እያየን ደቂቃው እስኪያልቅ ቆምን።

«ሰባ ስምንት» አሉ ጋሽ ዑስማን።

«ትናንትስ?» አልኩ።

«መቶ አራት።»

ቁልፉን ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጥኩ። ማንኪያውን ከኪሴ አውጥቼ አጠገቡ አኖርኩ። ጋዋኔን አውልቄ አጠፍኩና ወጣሁ።